የጉልዛሚን አሥር ጥይቶች

ጉልዛሚን የቶርካማር መንደር የሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ የብረት በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ሥራውን ተወዳድሮ አላገኘውም፤ አባቱ ናቸው ያገኙለት። እኛ ዘንድ መንግሥት ትምህርት ቤት ለመሥራት መሬት አይገዛም። አንድ ባለመሬት ከማሳው ቆርሶ በነጻ ይሰጣል፤ ለውለታውም ከልጆቹ አንዱ በዘበኝነት ይቀጠራል። የጉልዛሚን አባት የአገዳ ማሳቸውን ሰጡ፤ ልጃቸው በሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልዛሚን ራሱን ተቀጣሪ ነኝ ብሎ አስቦ አያውቅም። ደወሉ የሱ ነው፣ የውሃ ቧንቧው የሱ ነው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ልጃገረዶችም ለጊዜው የሱ ናቸው። ዳይሬክተሯ ቢቢ ዘርሚና እንኳ ሁለት ደቂቃ ካረፈደች፣ የሰዓቱን መስታወት በእጅጌው ወልወል አድርጎ ሰማዩን እያየ ያስገባታል።

ጺሙን በሒና ያቀላል። አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ የፕላስቲክ ወንበር አለው። የልጆቹን ሁሉ ስም ያውቃል፤ ማን ቁርስ ሳትበላ እንደመጣች፣ ማን የእህቷን ጫማ እንዳደረገች በአረማመዳቸው ይለያል። የገዛ አራት ሴት ልጆቹም ከትልቋ ከፓልዋሻ ጀምሮ በዚያው በር ገብተው ማንበብ ተምረው ወጥተዋል። ያን በር ቢቀሙት ምን እንደሚሆን አስቦት አያውቅም ነበር፤ ማን አባቱ ይቀማዋል?

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ምስጢር ነበረው። መተኮስ አይችልም።

ይህን በኛ አካባቢ ስለ አንድ ወንድ መናገር ቀርቶ ማሰብም ነውር ነው። ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል፣ ሙሽራ ሲመጣ ይተኮሳል፣ ክሪኬት ሲያሸንፉ ይተኮሳል። የአባቱ ክላሽ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጉልዛሚን በየዓርቡ ዘይት ይቀባዋል፣ ይወለውለዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጣቱ ገና ቃታው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ዓይኖቹ ሳያማክሩት ጥርቅም ይላሉ። ድምፁን ይፈራል፤ አበቃ። በሠርግ ላይ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ሲያነሱ እሱ ወደ ሩዙ ድስት ይሮጣል፣ እንጨት ይቆሰቁሳል፣ ሳህን ያድላል። "እንደ ጉልዛሚን ያለ አስተናጋጅ የት ይገኛል!" ይላሉ ሰዎቹ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲመሰገን ኖረ። እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ስፖግማይ ብቻ ነች፤ እሷም ደግ ሰው ስለሆነች ሲጣሉ ብቻ ነው የምታነሣው።

ከዚያ የፔሻዋር የታኅሣሥ ሐዘን መጣ። ታጣቂዎች ትምህርት ቤት ገብተው የገደሏቸው ልጆች የተቀበሩበት ሳምንት ነው፤ ስለሱ ቀልድ የለኝም፣ ማንም የለውም። በዚያ ሳምንት ጉልዛሚን በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደግፎበት ቆመ፤ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ብርዱ ሳያልፍ የትምህርት ቤቶች ጥበቃ ሕግ ወጣ፣ ደብዳቤው ቶርካማር ደረሰ፣ ቢቢ ዘርሚናም መነጽሯን አድርጋ በሩ ላይ አነበበችለት።

"አጥሩ ስምንት ጫማ ይሆናል፤ ሽቦ ይደረግበታል።"

"ተገቢ ነው።"

"እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የታጠቀ ጥበቃ ይሾማል።"

"በጣም ተገቢ ነው።"

"ነባሩ ዘበኛ ከአራት ሳምንት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ በዒላማ ይፈተናል። ከአሥር ጥይት ስድስቱን ከመታ ቦታው እንደ ድሮው የራሱ ነው። ከወደቀ ግን ለተጠባባቂው ይሰጣል። ተጠባባቂው ከዚያው መንደር ወታደር የነበረ ሰው ይሆናል።" ደብዳቤውን አጠፈችና ሳቅ አለች፤ እሷም እንደ ልጆቹ ካካ፣ አጎቴ፣ ነው የምትለው። "ለእርስዎማ ይኼ ጨዋታ ነው፣ ካካ።"

"ጨዋታ ነው" አለ ጉልዛሚን።

ወታደር የነበረ ሰው! መንደሩ ውስጥ ያለው እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሻምሮዝ ነው። ሻምሮዝ የጉልዛሚን የአጎት ልጅ ነው። የአባት ወንድም ልጅ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ አብሮህ የሚያድግ፣ አብሮህ የሚበላ፣ ኩሬህ ሲደርቅ ደግሞ በልቡ ከበሮ የሚመታ ማለት ነው። ሻምሮዝ ሃያ ሁለት ዓመት ውትድርና አገልግሎ የተመለሰ ተኳሽ ነው። ቃሪያ በክር አንጠልጥሎ ክሩን ይበጥሳል። የአገዳው ማሳ የአያታቸው ስለነበር፣ "ያ በር ግማሹ የኔ ነው" ይላል።

ይህም ሳያንስ የአውራ ጣቱ ጉዳይ አለ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሻምሮዝ ለእረፍት መጥቶ፣ በአያቱ መሬት ላይ ምን እንደተሠራ ለማየት እግሩን በበሩ ውስጥ ሰደደ። ጉልዛሚን ደግሞ "የሴቶች ትምህርት ቤት ነው፣ ወንድ አይገባም" ብሎ የብረቱን በር ላከበት። አውራ ጣቱ ተሰበረች። ጉልዛሚን "ነፋስ ነው" አለ። ያን ቀን ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች አልተነጋገሩም።

በማግስቱ ጉልዛሚን የአባቱን ክላሽ ከግድግዳው አወረደና በደረቀው ወንዝ ውስጥ ለብቻው ሊለማመድ ሄደ። የቅቤ ቆርቆሮ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ፎጣውን ቁጥቋጦ ላይ አሰጣ። ተነፈሰ፣ አነጣጠረ፣ ዓይኑ ጥርቅም አለ፣ ጠመንጃው ጮኸ፣ እሱም ቁጭ አለ። ሲነሣ ቆርቆሮው እንደ ነበረ ነው። ሰባቴ ተኮሰ፤ ቆርቆሮው ወይ ፍንክች።

ማታ ስፖግማይ ፎጣውን ልታጥብ አንሥታ ወደ መብራቱ ዘረጋችው። ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን አስገብታ አወዛወዘችው።

"የፓልዋሻ አባት፣ ይኼ ምንድነው?"

"ብል ነው።"

"ብል?"

"ብል ነው አልኩሽ እኮ።"

"ይሁና። ነገ ይኸው ብል እኔን እንዳይበላኝ ጠመንጃውን ስቀለው" አለችና ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ድንገት ዓይኑ እንባ አቀረረ። "በሩን ሊወስዱብኝ ነው" አላት። "ሻምሮዝ ወንበሬ ላይ ሊቀመጥ ነው። ደግሞ ጡቡን ያነሳዋል፣ ስለማያውቅ።"

ስፖግማይ ሳቋን ዋጠች። ፎጣውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ትንሽ አሰበች።

"ከዚህ መንደር ውስጥ መተኮስ ማስተማር የሚያውቅ ማነው?"

"አትጥሪብኝ ስሙን!"

"በግ ይዘህ ቤቱ ግባ። ናናዋተይ ግባ። በሩን ረግጦ ይቅርታ የለመነን ሰው እምቢ የሚል ፓሽቱን እስካሁን አልተወለደም። ይቅር ይልሃል፤ የጠየቅኸውንም ይሰጥሃል። ተኩስ አስተምረኝ ብትለውም እንደዚያው ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ቦታውን የሚፈልገው እኮ እሱ ነው! እሱን ለማሸነፍ እሱ ያስተምረኝ?"

"ታዲያ ሌላ ማን ያስተምርህ? ብሉ?"

ዓርብ ጠዋት ጉልዛሚን አዲስ ቆቡን ደፍቶ፣ በገመድ በግ እየሳበ መንደሩን አቋርጦ ወጣ። እየሳበ ማለቴ ለክብሩ ብዬ ነው፤ ሳቢው በጉ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ጥሎ ተከተለ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግማሹን የላጨውን ሰውዬ ይዞ ተከተለ። ሻምሮዝ ደጃፍ ሲደርሱ ከኋላው ሃያ ሰው ነበር። በሁጅራው፣ በወንዶቹ የእንግዳ ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ገመድ አልጋዎቹ ላይ ተቀምጠው አረንጓዴ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሻምሮዝ መሐላቸው ጢሙን ይጠቀልላል።

በጉ ቀድሞ ገባ። ጉልዛሚን ተከትሎት ገብቶ ቆቡን አወለቀ።

"ሻምሮዝ፣ ናናዋተይ መጥቻለሁ። ስለ አውራ ጣትህ።"

ሻምሮዝ ይህችን ቀን አሥራ አራት ዓመት ጠብቋታል፤ ቶሎ ሊያሳልፋት አልፈለገም። የሻዩን ስኒ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ነፋስ ነው አላልክም ነበር?"

"ብያለሁ።"

"እና?"

"ነፋሱ እኔ ነኝ።"

ሁጅራው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽማግሌ በሻይ ታነቁ፤ ጀርባቸውን የሚመታላቸው ሰው ራሱ እየሳቀ ስለነበር ብዙ ጊዜ ሳታቸው። ሻምሮዝም ጢሙ ሥር ፈገግታው እየተላወሰ ተነሣ፣ ጉልዛሚንን አቀፈ፣ ገመዱን ከእጁ ተቀበለ። በጉ የሻምሮዝ ሆነ፤ የጣቷም ነገር ይቅር ተባለ።

"ሌላም አለኝ" አለ ጉልዛሚን።

"ቤቴ ገብተሃል፣ ጠይቅ!" አለ ሻምሮዝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ጣራዬን ብትጠይቀኝ አፈርስልሃለሁ።"

ጉልዛሚን ጠጋ ብሎ በጆሮው አንሾካሾከለት። የሻምሮዝ ፊት መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ በጣም ደስ አለው፣ ቀጥሎ ደግሞ ነገሩ ገባውና ቅጭም አለ። እሱም በተራው አንሾካሾከ፤ እንደ ፉጨት ነበር የሚሰማው።

"አንተ እብድ! ቦታውን የምፈልገው እኔ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ላስተምርህና ልታሸንፈኝ?"

"በጉን ተቀብለሃል።"

ሻምሮዝ በጉን አየ። በጉ የሽማግሌዎቹን ስኳር እየላሰ ነበር።

"ምን አለህ?" አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ።

ናናዋተይ የገባን ሰው ገመና ማውጣት ነውር ነው። ሻምሮዝ ጥርሱን ነክሶ "የወንድማማች ጉዳይ ነው" አለ፤ እጁንም ለጉልዛሚን ዘረጋ። አንዱ በጭንቀት ሌላው በንዴት እያላባቸው ተጨባበጡ።

ከዚያ ወዲያ የተከተለውን ሦስት ሳምንት ቶርካማር አይረሳውም፤ የሆነውን ግን አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርዳሉ። ሻምሮዝ እያዘነም ቢሆን ሲያስተምር የምሩን ነው የሚያስተምር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ምልምል ያሰለጠነ ሰው ክፉ አድርጎ ማስተማር አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ጥይት አላስነካውም። የቅቤውን ቆርቆሮና አንድ ማንኪያ ይዞ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል፤ ጉልዛሚን ሲራመድ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ወሬ ሲጀምር፣ ሳይታሰብ ጆሮው ሥር ጓ! ያደርገዋል።

"ዓይን!"

"ክፍት ነው!"

"ጉልበትህ ነው ክፍት የሆነ፤ ዓይንህ ተዘግቷል! ድገም!"

ነገሩ ከወንዙ ወጣ። ሻምሮዝ በገበያ መሐል ከአትክልት ሻጭ ጀርባ ብቅ ብሎ ቆርቆሮውን ጓ! ያደርጋል፣ "ዓይን!" ብሎ ይጮኻል፤ ጉልዛሚን ሽንኩርቱን በትኖ ዓይኑን ይበለጥጣል። የአትክልት ሻጩ "ታርቀው ነው ወይስ ገና ሊጣሉ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ስፖግማይ እንኳ ቤት ውስጥ ማማሰያ ይዛ ታደፍጥበት ጀመር፤ ትምህርቱን ለማገዝ ነው ትላለች፤ እኔ ግን በጣም ስለጣማት ይመስለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ጉልዛሚን ከአሥር ሁለት መታ። በሦስተኛው አራት መታ። አራት በመታ ቀን ወንዙ ውስጥ እየዘለለ ሻምሮዝን ግንባሩ ላይ ሳመው። ሻምሮዝ ግንባሩን ጠረገና "አራት ሞት ነው፣ ስድስት ነው የተባለው" አለው። ግን እሱም ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ስላለው ደግሞ በራሱ ተናደደ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሻምሮዝ ቀደም ብሎ ጉልዛሚንን ሊወስደው ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ልጆቹ የሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀ። አገዳ የጫኑ መኪኖች ከወገባቸው በላይ ተቆልለው በዚያ ጠባብ መንገድ ይንደረደራሉ። ጉልዛሚን ዱላውን አንሥቶ መሐል መንገድ ገባ፤ መኪኖቹ እያማረሩ ቆሙ። ልጆቹ "ካካ ጉል! ካካ ጉል!" እያሉ እጁን እየነኩ ተሻገሩ። በመጨረሻ የሻምሮዝ የልጅ ልጅ ሻንዳና ብቻዋን መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ፊቷን ወደ ሌላ ጎን አዙራ ቀስ እያለች ተሻገረች። ጉልዛሚን እጁን ዘርግቶ መኪናውን አቁሞ ጠበቃት፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን ሲነፋ ዱላውን አሳየው። ልጅቷ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አለፈች።

ሻምሮዝ ከዛፉ ሥር ወጣ።

"ምን ሆና ነው የማታናግርህ?"

"አያቷ አታናግሪው ብለዋታል" አለ ጉልዛሚን፣ ዱላውን እያራገፈ። "ታዛዥ ልጅ ነች።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታሻግራት?"

"ከገባች። ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው።"

"በሁለት ዓመት አንድም ቀን ምንም አላለችህም?"

"በአፍንጫዋ ሰላም ትለኛለች። እኔም እሱን ለምጄዋለሁ።"

ያን ቀን ሻምሮዝ ወንዙ ውስጥ ቆርቆሮውን አንዴም አልመታም፤ ጉልዛሚን ጆሮውን ይዞ በከንቱ ሲጠብቅ ዋለ።

የፈተናው ቀን ፀሐያማ ነበር። ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ዘበኞች ተሰልፈዋል፤ ከየዘበኛው ጎን ተጠባባቂው ቆሟል። ቢቢ ዘርሚና በጥቁር ሻሿ ተሸፍና ደብዳቤውን ይዛ ከዳይሬክተሮቹ ጋር ተቀምጣለች። ፈታኙ ሃምሳ አለቃ ጁማ ሰይድ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፤ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚያጉረመርም ስለሚመስል ሰው ሁሉ "ምን አለ?" እየተባባለ ይታዘዛል። ዒላማው ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ነው፤ ሠዓሊው ጢም ጨምሮበታል። ከጎረቤት መንደር የመጣ አንድ ዘበኛ አሥሩንም ስቶ "ሰውዬው ይንቀሳቀሳል!" ብሎ ተከራከረ፤ ወረቀቱን ካልያዛችሁልኝ አልሄድም አለ፤ በትከሻው ይዘው አስወጡት።

ዘበኛውና ተጠባባቂው ጎን ለጎን ቆመው፣ እያንዳንዱ በራሱ ወረቀት ላይ አሥር አሥር ጥይት ይተኩሳሉ። የቶርካማር ተራ ደረሰ። ጉልዛሚን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደገፈ። "ዓይን" አለ ሻምሮዝ ከጎኑ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

የመጀመሪያዋን ሳተ። ሁለተኛዋን መታ፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳዋ ስትከፈት በዓይኑ አያት! ሦስተኛዋን መታ፣ ሁለት ሳተ፣ አንድ መታ፣ አንድ ሳተ፣ ሁለት መታ። እየቆጠረ ነበር። ዘጠኝ ተኩሶ አምስት መትቷል፤ አንዲት ብቻ ትቀራለች። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንዲት ቀረችኝ ሲል በሩ ታየው፣ ደወሉ ታየው፣ የልጆቹ እጅ ታየው፤ ጣቱ ሳበ፣ ዓይኑም ጥርቅም አለ። ሲገልጠው ከወረቀቱ በላይ፣ ከግንቡም በላይ፣ ሩቅ ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ብናኝ ተነሣ። ሦስት ቁራዎች እየተሳደቡ በረሩ። በዚያው ቅጽበት ሻምሮዝም የመጨረሻዋን ተኮሰ።

ጉልዛሚን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። አለቀ። አምስት ነው። አላለቀሰም፤ ለማልቀስ እንኳ ባዶ ነበር። ነገ ጠዋት ደወሉን ማን ይደውላል ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ሻምሮዝን ስለ ወንበሩ እግር ልነግረው ይገባል ብሎ አሰበ።

ሃምሳ አለቃው ወረቀቶቹን ነቅሎ መጣ። የጉልዛሚንን ዘርግቶ በእርሳስ እየነካ ቆጠረ።

"አንድ፣ ሁለት... አምስት። ስድስት። ስድስት! አልፏል!"

ቢቢ ዘርሚና ከወንበሯ ብድግ አለች። ጉልዛሚን ግን ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። አምስቱ ቀዳዳዎች ከሆድ በታች ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል፤ አምስቱም የሱ ናቸው፣ ሲከፈቱ አይቷቸዋል። ስድስተኛዋ ልቡ መሐል ጥርት ብላ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለች ቀዳዳ ጉልዛሚን በሕልሙም አይቶ አያውቅም።

ሃምሳ አለቃው የሻምሮዝን ወረቀት ዘረጋ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንዲት ስኒ ይሸፈናሉ። ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

"ዘጠኝ። አሥረኛዋስ የት ሄደች?"

"ሳትኳት" አለ ሻምሮዝ።

"አንተ? ሻምሮዝ?"

"እኔ። ምነው፣ መሳት ለጉልዛሚን ብቻ ነው የተፈቀደው?"

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አንዱ "ቃሪያ ቆራጩ ሳተ!" ብሎ ጮኸ፤ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቶርካማር እንደሚገባ፣ በየሁጅራው ሻይ እንደሚጠጣበት የታወቀ ነው። ሻምሮዝ ጢሙን እየጠቀለለ ወደ ኮረብታው ያይ ነበር፤ ጆሮው ቀልቷል።

ጉልዛሚን አመሰግናለሁ ቢል ሻምሮዝን ሊያጋልጠው ነው። ዝም ቢል ደግሞ በሁለት መቶ አሥራ አራት ልጆች ፊት የሰው ጥይት ይዞ ሊቆም ነው፤ ሕጉ የወጣው ለቀልድ አይደለም፣ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ለራሱ ማለ። አንድ ጊዜ ልሞክር፣ ከሳትኩ እውነቱን እናገራለሁ፣ በሩንም እለቃለሁ አለ።

"ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ጥይት ስጠኝ።"

"ምን ያደርግልሃል? አልፈሃል እኮ፣ ሰውዬ!"

"እባክህ። አንድ።"

"የመንግሥት ጥይት ነው! ለአንድ ሰው አሥር ነው የተፈቀደው፣ በአሥራ አንደኛው እኔ ነኝ የምጠየቀው!"

ሻምሮዝ ዘወር ብሎ ጉልዛሚንን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን በሰደርያው ኪስ ከተተና አንዲት ጥይት አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋለት። ከሻምሮዝ ኪስ ጥይት መቼም አይጠፋም።

ሃምሳ አለቃው ተነጫነጨ፣ አስነጠሰ፣ ወረቀቱን መልሶ ሰቀለ። ጉልዛሚን ብቻውን ሜዳው መሐል ቆመ። የአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ሰው ያየዋል። ዓይኑን ብቻ ያዘ። ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ፣ ሽፋሽፍቱ እንደ ልማዱ ሊወርድ ተንደረደረ፣ ጉልዛሚንም "አይሆንም!" ብሎ በአፉ ጮኸበት። ተኮሰ። የወረቀቱ ሰውዬ ግራ ጆሮ ተበሳ።

"ጆሮውን! ጆሮውን!" እያለ ጠመንጃውን ለሃምሳ አለቃው አሸክሞ ዘለለ። ቢቢ ዘርሚና ዳይሬክተርነቷን ረስታ አጨበጨበች። የሌላ ትምህርት ቤት ዘበኞች ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው ክብ ሠርተው ጭፈራ ጀመሩ፤ ፈተናውን የወደቀው ሰውዬ ሳይቀር ተመልሶ ገባና ከሁሉም በላይ ዘለለ። ሻምሮዝ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ጢሙን መጠቅለሉን ግን ትቶ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ይዞ መዝገቡን ገለጠ፤ በእርሳሱ ራሱን አከከ።

"መቼም በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባት ብዬ ልጻፍልህ?"

"የለም" አለ ጉልዛሚን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ሃምሳ አለቃውን አልነበረም የሚያየው፤ ሻምሮዝን ነበር። "ስድስት በል። የመታሁት ስድስት ነው።"

ሃምሳ አለቃው ቀዳዳዎቹን ድጋሚ ቆጠረ፤ ሰባት ሆኑበት። ቀና ብሎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ ሁለቱም በእንባ እየሳቁ ነበር። ትከሻውን ነቀነቀና ስድስት ብሎ ጻፈ።